ደሴቷ ላይ የቀረው ጫማ

ጫማው ጥቁር ቆዳ ነው። ካልሲው ተጠቅልሎ ውስጡ ገብቷል። አጠገቡ ሱሪና ሸሚዝ ታጥፈው፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ተጭኗቸዋል። ከፊት ለፊት ባሕር አለ። ባለጫማው የለም።

ይህ የሆነው ሽርሽረኛ የጫነች መርከብ ለግማሽ ቀን በምትቆምባት አንዲት ሩቅ ደሴት ላይ ነው። ደሴቷ ከማነሷ የተነሳ በአንዱ ጫፍ ያስነጠሰ ሰው በሌላው ጫፍ «ይማርህ» ይባላል። እኔ ሄጄ አላስነጠስኩም። የነገረኝ ሰው ግን ሲዋሽ የግራ ዓይኑ ይርገበገባል፤ ያን ቀን አልተርገበገበም።

መርከቧ ጥሩምባዋን ነፋች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ነፋች። ከመንገደኞቹ አንድ ሰው ጎደለ። ቦጋለ ይባላል፤ የሚኒሶታዋ ቡርንስቪል ነዋሪ፣ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ሾፌር። ሊዋኝ ወደ ዳርቻው ሲሄድ ያዩት አሉ፤ ሲመለስ ያየው የለም። አብሮት የነበረው ጓደኛው ደረሰ ብቻውን ተመለሰ። ሻንጣው ሲፈተሽ የቦጋለ የእጅ ሰዓት ወጣ።

ጊዜው ጃንዋሪ 2018 ነው። ሚኒሶታ በዚያ ሳምንት የነበረው ብርድ መኪና አላስነሳ ብሎ፣ የተነሳውም መኪና ባለቤቱን በጥርጣሬ የሚያይ ይመስል ነበር። በመርከብ ላይ የሚፈጸም ወንጀል የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤት «እዚያ ያሉትን ሰዎች ቋንቋቸውን የሚችል ሰው ያናግርልን» ብሎ ላከ፤ ፋይሉም መርማሪ ባድሩ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ባድሩ የሐረርጌ ልጅ ነው፤ ስደተኛ ካምፕ ያደገ፣ እዚህ መጥቶ ፓርኪንግ የጠበቀ፣ በመጨረሻ ፖሊስ የሆነ። ነገር ሲከብደው አፍንጫውን ያሻል። በዚያ ሳምንት አፍንጫው ቀላ።

መጀመሪያ ደረሰን አስጠራ።

ደረሰ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። ይነዳ ነበር ማለት ይሻላል፤ ወሬው እንደተሰማ «ለጊዜው ቤትህ ሁን» ተብሏል። በሚቀጥለው ወር የዜግነት መሐላ ሊፈጽም ነበር፤ እሱም ታግዷል። የግድያ ክስ ከመጣማ ዜግነቱም ቀርቶ፣ ሰውየውም እስር ቤት ይቀራል።

«ሰዓቱ አንተ ጋ እንዴት መጣ?» አለው ባድሩ።

«እሱ ነው የሰጠኝ። ውሃ ልገባ ነው፣ ያዝልኝ አለኝ።»

«ውሃ የማይገባው ሰዓት ነው። ጀርባው ላይ ተጽፏል።»

ደረሰ ሰዓቱን ገለበጠው፣ አነበበ፣ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «ጓደኛዬ ያዝ ሲለኝ ጀርባውን አላነብም።»

«ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት እራት ላይ ተጣልታችኋል። አብረዋችሁ የበሉ ባልና ሚስት ጩኸት ሰምተዋል።»

«ስለ አንበሳው ነው።»

«የምን አንበሳ?»

«ቦጋለ ለነጮቹ አንበሳ በጫማ ገደልኩ አላቸው። ዝም አልኩ። ሁለተኛውን በካልሲ ገደልኩት ሲል ግን አልቻልኩም፣ ‹በቃህ› አልኩት። ሰው ፊት አዋረድከኝ ብሎ ጮኸ። ሴትዮዋ ‹ሦስተኛውንስ በምን ገደልከው?› ብላ ጠየቀችው። እርቅ የወረደው በሷ ነው።»

ባድሩ አልሳቀም፤ ሥራው ነው። «ደሴቷ ላይ ስትወርዱ የተነሳችሁት ፎቶ አለህ?»

ደረሰ ስልኩን አወጣ። መርከቧ ወደ ዳርቻው መጠጋት ስለማትችል መንገደኛውን በትንሽ ጀልባ ነው የምታወርደው። ቦጋለ ጀልባዋ ላይ ጥርሱን ገልጦ ቆሟል፤ ጀርባው ላይ የተነፋ ቦርሳ፣ እግሩ ላይ ነጭ ስኒከር።

ባድሩ ከደሴቷ የተላከውን ፎቶ ከስልኩ ጎን አደረገው። ጥቁር ቆዳ። አፍንጫውን አሸ።

«ሁለት ጫማ ይዞ ነው የወረደው?»

«ቦርሳው ይከብድ ነበር። ምን ይዘሃል ስለው ‹ሽሮ› አለኝ።»

«ነጩ ጫማ የት ገባ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጌታዬ? እኔ ፀሐዩ ጥሎኝ ዛፍ ሥር ተኝቼ ነበር። ያነቃኝ የመርከቧ ጥሩምባ ነው።»

«ተኝተህ ያየህ ሰው አለ?»

«አንድ ፍየል።»

ባድሩ የሁለቱን ጫማ ነገር ለፌዴራሎቹ ደወለ። በስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ትዕግስተኛ ነው። ጥቁሩን ጫማ ደረሰ ራሱ ከመርከብ አምጥቶ ሊያስቀምጠው ይችላል፣ ነጩም ከነባለቤቱ ባሕር ውስጥ ሊሆን ይችላል አለው። ሰዓት ተገኝቷል፣ ጠብ ተሰምቷል፣ ምስክሩ ፍየል ነው። ሌላ ነገር እስከ ሰኞ ካልመጣ ደረሰን እንይዘዋለን አለ።

ባድሩ ወደ ቡርንስቪል ነዳ።

የለቅሶ ቤቱ በር ላይ የጫማ ክምር ነበር። በረዶው ቀልጦ ወለሉን አርሶታል። ውስጥ ሰው ግድግዳ ለግድግዳ ተቀምጧል፤ የቦጋለ ሚስት ፀዳለ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ናት። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት፣ ነርሲንግ አሲስታንት ናት፤ ሌላውን የምታጽናና ሴት ነበረች አሉ።

የገባ ሁሉ «ነፍስ ይማር» ይላል። ቤቱ «አሜን» ይላል። ፀዳለ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ዝም ትላለች። ባድሩ ይህን አየ፤ ሀዘን ነው ብሎ አለፈው።

ለብቻቸው እንዲነጋገሩ እሱንና ፀዳለን ወደ መኝታ ቤቱ አስገቧቸው።

«መዋኘት ይችል ነበር?»

«ቦጌ?» ፀዳለ እንባዋን ጠረገች። «ሻወር ሲገባ እንኳ መጋረጃውን ይዞ ነው።»

«ለምን እርስዎ አብረውት አልሄዱም?»

«ትኬቱ መሥሪያ ቤቴ በገና ሎተሪ ለኔ ነው የወጣው። ለሁለት ሰው። ባሕር እፈራለሁ። ደረሰን ይዘህ ሂድ አልኩት። እኔ ነኝ አሳልፌ የሰጠሁት።»

«ደረሰ የገደለው ይመስልዎታል?»

«እኔ ሰው አልወነጅልም። የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው።»

ይህቺን ቃል ከዚያ በፊትም ለጠየቃት ሁሉ ሰጥታለች። ከቡርንስቪል ተነስታ ኒው ሆፕ የምትባለው ከተማ እስክትደርስ «ደረሰ ገደለው» ሆና ነበር የደረሰችው።

ወጥ ቤት ውስጥ እትዬ ባየሽን አገኘ። የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ንፍሮ በትልቅ ድስት ያማስላሉ፤ የሚያማስሉበት ማንኪያ ቁመት ከሳቸው ይበልጣል ብል የሚያምነኝ የለም እንጂ እውነት ነው።

«ደረሰ መጥቶ ነበር?» አላቸው።

«ትናንት መጣ። እዚያ በር ላይ ቆሞ ‹እግዜር ያጽናሽ› አላት። ፊቷን አዞረችበት። ሰዉም አልተጠጋጋለትም፣ የሚቀመጥበት አጣ። እኔ ነኝ ‹ልጄ፣ ላንተም ለኛም ይሻላል፣ ሂድ› ያልኩት።» ማንኪያውን አቆሙ። «ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ምነው?»

«ያለቀሰው ልጅ እሱ ነዋ። ከበር እስከ መኪናው። ይሄ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ሲያዛጋ።» ወደ ሳሎኑ አገጫቸውን ቀሰሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሷንም ሀዘኑ ነካክቷታል መሰለኝ። ፍትሐቱን እምቢ አለች።»

ባድሩ ሙስሊም ነው፤ ጠየቀ። ሰው ሲሞት ቄስ ለነፍሱ የሚያደርስለት ጸሎት ነው አሉት።

«አስከሬኑ ይምጣ ትላለች። ሦስት ጊዜ ለመንኳት። ይኸው ያለ ፍትሐት ንፍሮ እየበላን ነው።»

ባድሩ ንፍሮውን ቀምሶ ወጣ። ቢሮው ተመልሶ የቦጋለን ስም መዝገብ ላይ ሲያስፈትሽ አንድ ሌላ ኬዝ መጣ። ባለፈው መኸር ቦጋለ መንገድ የሚያቋርጡ ሽማግሌ ገጭቶ ሳይቆም ሄዷል። ካሜራ ይዞታል። ፍርድ ቤት የሚቀርብበት ቀን ከመርከብ ጉዞው በኋላ ባለው ወር ነበር።

የተገጩት ኦቦ ኩምሳ ኒው ሆፕ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የሚደገፉበትን ባለአራት እግር ምርኩዝ፣ ዎከራቸውን፣ እየገፉ በሩን ከፈቱ። ባድሩ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው፤ እሳቸው በአማርኛ መለሱ፣ ፖሊስ ሲመጣ አማርኛ ይሻላል የሚሉ ሰው ናቸው።

«ቦጋለን ይጠሉት ነበር?»

«እጅግ በጣም።»

«ባለፈው ሳምንት የት ነበሩ?»

«ይህን ይዤ» ዎከሩን መታ መታ አደረጉት፣ «ባሕሩን በእግሬ ተሻግሬ፣ ሰውዬውን ውሃ ውስጥ ዘፍቄ፣ ለፊዚካል ቴራፒ ቀጠሮዬ ደርሻለሁ። ጻፈው።»

«ልጅዎስ?»

«ልጄ እኔን ሽንት ቤት ሲወስድ ሲመልስ ነው የከረመው። ስማ፣ አጥንቴ የተሰበረው ሲገጨኝ ነው። ልቤ የተሰበረው ግን በመስታወት ዞር ብሎ አይቶኝ ሲሄድ ነው። ዳኛ ፊት ቆሞ ‹አዎ፣ አይቻቸዋለሁ› እንዲል ብቻ ነበር የምፈልገው። ሞተ ሲሉኝ ይቅር አልኩት። ከሞተ ሰው ምን እጠይቃለሁ? ቅዳሜ ለቅሶ እሄዳለሁ፤ ልጄ በመኪናው ራይድ ይሰጠኛል።»

ባድሩ መኪናው ውስጥ ሞተሩ እስኪሞቅ ተቀመጠ። በቦጋለ ሞት ማን እፎይ አለ ብሎ ራሱን ሲጠይቅ፣ መልስ ሆኖ የሚመጣው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሟቹ።

የቦጋለን ሻትል አስፈተሸ። ከማስቲካ ልጣጭ ሥር ፕሊማውዝ በምትባለው ከተማ ያለ መዋኛ የአባልነት መታወቂያ ተገኘ።

የመዋኛዋ አሠልጣኝ ኤልሻዳይ ትባላለች፤ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋን እየፈለገች የምትናገር ልጅ ናት። ፎቶውን ስታይ ፊቷ በራ።

«ኦ፣ ጋሽ ቦጋለ! ሂ ኢዝ ሶ ፈኒ። ዓሣ ነባሪ በጥርሴ ጎትቻለሁ ብሎኛል።»

«መዋኘት ይችላል?»

«ሲመጣ፣ ላይክ፣ እንደ ድንጋይ ነበር። በኋላ ግን በጣም ጎበዝ። ረጅም መዋኘት ነው የምፈልገው አለኝ። ኦሽን ላይ።»

«ብቻውን ነበር የሚመጣው?»

«ኖ፣ ከሚስቱ ጋር። እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ፎጣ ትይዝለታለች።» ከዚያ የባድሩን ፊት አየችና ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ኢዝ ሂ ኦኬ?»

እሱን ባድሩም አያውቅም። ፀዳለ ዋሽታለች። ግን ውሸቷ ቦጋለን አያመጣውም። መዋኘት የሚችል ሰው ይሰምጣል፤ ጠበቃዋም ሀዘን አእምሮዋን አምታቶት ነው ይላል። ደሴቷን የፈተሹት ሰዎች ዛፍ ሥር ካለው ፍየል በቀር ሌላ አላገኙም። ሰኞ ደግሞ እየመጣ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዶ የፀዳለን ንስሐ አባት ቄስ አለልኝን አገኛቸው። በረዶ በአካፋ እየዛቁ ነበር።

«አባ፣ ፍትሐት ያለ አስከሬን ይደረጋል?»

«ይደረጋል እንጂ። ጦር ሜዳ የቀረው፣ ባሕር የበላው ስንቱ ነው? በክርስትና ስሙ ይደረግለታል። ለፀዳለም ነግሬያታለሁ።»

ባድሩ አፍንጫውን አሸ። አንድ ጥያቄ ጨመረ። ቄሱ አካፋውን በረዶው ላይ ሰኩ፣ አማተቡ፣ «ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?» አሉት።

«ፖሊስ ነኝ፣ አባ።»

«ጸሎቱን አላደርስም። እዚያ ሄጄ መጽሐፌን መግለጥ ግን ማንም አይከለክለኝም።»

ቅዳሜ ጠዋት የለቅሶ ቤቱ ሞላ። ኦቦ ኩምሳ ወንበር ተሰጥቷቸው ዎከራቸውን ፊታቸው አቁመዋል። ባድሩ ደረሰን ይዞ ገባ። ጉምጉምታ ተነሳ፤ ማንም አልተጠጋጋም። ሁለቱም በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ባየሽ አንድ ሳህን ንፍሮ አምጥተው ደረሰ ጉልበት ላይ አኖሩ፣ ማንንም ሳያዩ ተመለሱ።

ቄስ አለልኝ መጽሐፋቸውን አወጡ።

«ፀዲ፣» አሉ እትዬ ባየሽ፣ «እድሩ ተነጋግሯል። የሰው ነፍስ በር ላይ ቆማ አታድርም። አባ ዛሬ ያደርሱለታል።»

ፀዳለ ቀና አለች። «አስከሬኑ ሳይመጣ?»

«ያለ አስከሬን ይሆናል ብዬሻለሁ፣ ልጄ፣» አሉ ቄሱ። «የክርስትና ስሙን ንገሪኝ።»

«ጠፋኝ።»

«የባልሽ የክርስትና ስም?»

«ጠፋኝ፣ አባ። ሀዘን ነው። ሌላ ቀን ይሁን።»

«ኃይለ ጊዮርጊስ ነው፣» አሉ እትዬ ባየሽ። «ባለፈው ዓመት በጽዋው ላይ ራስሽ ነግረሽኛል።»

ቄስ አለልኝ ቆሙ። ሰው ሁሉ አብሯቸው ተነሳ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ገጹን ገለጡ፣ ስሙን ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ።

ፀዳለ ከፍራሹ ስትነሳ ነጠላዋ ወደቀ። ሁለት እጇን መጽሐፉ ላይ ጫነች።

«አይሆንም! አባ፣ በማርያም! አይበሉ! በቁሙ ያለ ሰው ይፈታል እንዴ? ሊገድሉት ነው እንዴ?»

ከወጥ ቤት ድስቱ ሲንተከተክ ይሰማል።

ባድሩ ዓርብ ዕለት ቄሱን የጠየቃቸው ይህንኑ ነበር፤ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት ቢደረግስ? እሳቸውም ምእመን የሆነ ሰው ለሚወደው ያንን አይፈቅድም ብለውታል። ፀዳለ ለፖሊስ ዋሽታለች፣ ለእድሩ ጥቁር ለብሳለች፣ ንጹሕ ሰው ሲከሰስ ዝም ብላለች። «ነፍስ ይማር» ሲባል አሜን ማለት ግን አንዴም አልደፈረችም።

«የት ነው ያለው?» አለ ባድሩ።

ፀዳለ መለሰች። ከዚያች ደሴት አጠገብ ትንሽ ከፍ የምትል ሌላ ደሴት አለች፤ ዓሣ አጥማጆቹ ይመላለሱባታል። ቦጋለ ነጭ ጫማውንና ልብሱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከዳርቻው ዓለት ወዲያ ዋኝቶ፣ በአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ወደዚያች ተሻግሯል። የሞተ ሰው ፍርድ ቤት አይቀርብም። እሷም ነገሩ ሲረሳ ትከተለው ነበር።

«ደውይለት። በቪዲዮ። ሰው አለ አትበይው።»

ፀዳለ ደወለች። ስልኩ ላይ ፀሐይ መጣ፣ ቀጥሎ የሰሌን ባርኔጣ፣ ከሥሩ ቦጋለ። ፊቱ ጠቁሮ ወዝቷል።

«ፀዲዬ! ብቻሽን ነሽ? ንገሪኝ እስቲ፣ ስንት ሰው መጣ?»

«ብዙ፣» አለች ፀዳለ።

«አውቅ ነበር! ባየሽስ? አለቀሰች ወይስ እንደ ልማዷ ማማሰል ብቻ ነው?»

እትዬ ባየሽ ማንኪያውን ይዘው አንድ እርምጃ ወደ ስልኩ ሄዱ፤ ሁለት ሴቶች ያዟቸው።

«ደረሰስ?» አለ ቦጋለ፤ ድምፁ ትንሽ ወረደ። «ሰዓቱን አሰረው? ስለምወደው እኮ ነው የተውኩለት። አለቀሰ?»

ባድሩ ስልኩን ከፀዳለ እጅ ወሰደ። «መርማሪ ባድሩ እባላለሁ። ያቺ ሰዓት ልታሳስረው ሰኞን ነበር የምትጠብቀው።»

ቦጋለ ባርኔጣውን አወለቀ። ለአንበሳም ለዓሣ ነባሪም ቃል ያላጣ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ባድሩ ስልኩን ቀስ እያለ በቤቱ ዙሪያ አዞረው፤ ቦጋለ ለቀስተኞቹን አንድ በአንድ አየ። ኦቦ ኩምሳ ጋ ሲደርስ ሽማግሌው ዎከራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ይቅር ብዬህ ነበር፣» አሉ። «ሞተህ ነበራ። ይቅርታዬን አንስቻለሁ። ዳኛው ጋ እንገናኝ።»

ስልኩ በመጨረሻ ደረሰ ላይ አረፈ። ደረሰ ከወለሉ አልተነሳም፤ የንፍሮው ሳህን ጉልበቱ ላይ ነው። ጓደኛውን አየው።

«ደረሰ፣ ወንድሜ፣» አለ ቦጋለ፣ «በጭራሽ እንደዚህ ይሆናል ብዬ…»

ደረሰ ከንፍሮው አንዲት ፍሬ አንስቶ አኘከ፣ ዋጠ። ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ተነስቶ በሰዎቹ መካከል አለፈ፤ አሁን ሁሉም ይጠጋጋለት ነበር፣ ቦታው ግን አላስፈለገውም። ፀዳለ ፊት ቆመ፤ በዚያ ቀን በር ላይ ሆኖ ያላትን ደገመላት።

«እግዜር ያጽናሽ፣» አላት።

ከስልኩ ውስጥ «ደረሰ! ደረሰ!» ይላል። ደረሰ በር ላይ ካለው ክምር ጫማውን ፈለገ፣ አገኘው፣ ቁጭ ብሎ ማሰሪያውን አጥብቆ አሰረና ወደ ብርዱ ወጣ።